ያልቀመሰው አረቄ

ኢፍቱ ከዲሮን የወደደችው ለአረፋ በዓል ቀሚስ ስታሰፋ ነው። አሰላ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፋ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ ግን ከእሷ ላይ አልነሳ ያለ። ልኳን ሲወስድ ያፈረው እሱ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ያ ስፌት መጣመም ጀመረ። ጣቶቹ ሥራ ፈተው እንኳ አያርፉም፤ ትከሻውን ሳያስበው ይሰብቃል፤ ሲራመድ ያንገዳግደዋል። ቁጣ የማያውቀው ሰው በደንበኛ ላይ መቀስ ወረወረ። ከተማውም ፈረደ፦ ከዲሮ አረቄ ጀምሯል!

ከዲሮ ሽማግሌ ሲልክ የኢፍቱ አባት ሐጂ ቱሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘር ከልጓም ይስባል። አባቱም እንዲሁ ሲንገዳገድ ነው የሞተው። ልጄን ለጠጪ አልሰጥም።»

ኢፍቱ ግን ከዲሮ አረቄ በአፉ እንደማይዞር ታውቃለች። «ሆስፒታል እንሂድ፤ ሐኪም ይመስክርልህ» ብላ ወጥራ ያዘችው። የሐኪም ቃል ይዛ አባቷ ፊት ልትቆም ቸኩላ ነበር፣ ሞኚት።

ሐኪሙ ጣቶቹን ሲያይ ቆይቶ፣ ምላሱን አውጥቶ እንዲያቆየው አዘዘው። ምላሱ እምቢ ብሎ ተመልሶ ገባ። ከዚያ የጠየቀው ስለ አረቄ ሳይሆን ስለ አባቱ ነበር።

«አባትህም አልሰከሩም» አለው በመጨረሻ። «ይህ የአንጎል በሽታ ነው። ቀስ እያለ ይብሳል፤ መድኃኒት የለውም። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ወንድም እህት አለህ?»

«አንዲት እህት።»

«እሷንም ሊይዛት ይችላል፤ ላይይዛትም ይችላል።»

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ኢፍቱ አለቀሰች። ከዲሮ የማያርፈውን እጁን በሌላው ያዘ።

«እህቴ ፋጡ ጮሌ ከተማ ላሉ ሰዎች ታጭታለች» አለ። «ለእሷ እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ። ከተማው ግን በዘራቸው በሽታ አለ ካለ ማን ይወስዳታል? አባትሽን ልክ ነዎት በያቸው።»

«ወላሂ አልልም! እኔ አስታምምሃለሁ።»

«እኔን ታስታምሚያለሽ። ልጆቻችንንስ?»

ኢፍቱ ለሚወልዷቸው ልጆች ስም ሳይቀር አውጥታ ነበር።

«ጠጪ ነው ብለሽ ተይኝ፣ ኢፍቱዬ። ወንድሟ ጠጪ የሆነ ልጅ ታገባለች።»

አባቷ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ ልክ ነዎት» አለች። «ይጠጣል።»

ሐጂ ቱሳ ልጄ ልብ ገዛች ብለው ደስ አላቸው። «አላህ ከእሱ የተሻለ ይስጥሽ» ሲሉ መረቋት።

ከእሱ የተሻለ እንደሌለ ልቧ ያውቃል። ቢሆንም እጆቿን ዘረጋች።

«አሚን» አለች።