ሠላሳ አንደኛው መስመር

ዋርካ ቀድሟት ደርሷል። ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

ልምዱ አይደለም።

አብረው በስውር በሠሩባቸው ሁለት ዓመታት በር ሳያይ ተቀምጦ አያውቅም። ሙዳይ ነጠላዋን አስተካክላ በፒያሳው ኬክ ቤት ጠረጴዛዎች መሃል አለፈች። በእጇ አንድ እስር ጧፍ ይዛለች። ቀኑ ሃያ ሦስት ነው፤ ወደ ጊዮርጊስ የሚሄደው ሁሉ ጧፍ ስለያዘ ዞር ብሎ ያያት የለም።

በጧፎቹ መሃል ከመዝገብ የተገነጠሉ ሁለት ገጾች ተጠቅልለዋል።

ሙዳይ የምስጢር ስሟ ነው፤ ዋርካም መረጃዋን ለአለቃቸው የሚያደርሰው የባልደረባዋ የምስጢር ስም ነው። ስምንት ወር የኖረችው ግን ኤደን ተብላ፣ በአንድ የግል ላቦራቶሪ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ላቦራቶሪው የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ናሙና ይመረምራል። ዕጢው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይመለስ እንደሆነ ቀድመው ያሳብቃሉ። የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተር ዘሩባቤል ይህን ለማወቅ የሠራውን የራሱን መመርመሪያ ለውጭ ኩባንያ ሊሸጥ ነው። መመርመሪያው ልክ መስሎ እንዲታይ የሠላሳ አራት ሴቶችን ውጤት ገለበጠ። ካንሰሩ የሚመለስባቸው ሴቶች «ድናችኋል፤ ሌላ ሕክምና አያስፈልጋችሁም» ተብለው ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ናሙናዎቹም ተቃጠሉ።

እውነተኛው ውጤት የቀረው በእነዚህ ሁለት ገጾች ላይ ብቻ ነው። ስልክ በላቦራቶሪው በር ላይ ስለሚሰበሰብ ሙዳይ ፎቶ ማንሳት አልቻለችም። ገጾቹ ከጠፉ ሴቶቹን መልሶ የሚጠራቸው የለም።

«አመጣሽው?» አለ ዋርካ።

«አመጣሁት።»

«ሌላ ቅጂ አለ?»

ጣቶቿ ጧፉ ላይ ደረቁ። ቅጂ መኖር አለመኖሩ የሚያስጨንቀው ሊያጠፋው የፈለገን ሰው ነው። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። የዶክተሩ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም።

ተሸጣለች።

ይህን ሰው ዓይኗን ጨፍና ነበር ያመነችው።

«ለምን?»

«ቪዛ ሰጡኝ። ለእኔና ለእናቴ። ይሄ ኑሮ በቃኝ።» ቀና ብሎ አላያትም። «ስጪኝና በሰላም ሂጂ።»

«እሺ። መጀመሪያ ግን ሠላሳ አንደኛውን መስመር አንብብ።»

«ጊዜ የለንም።»

«አንብብ አልኩህ!»

ጧፉን ተቀብሏት ገጾቹን ከመሃሉ ስቦ ዘረጋቸው።

የካንሰር ውጤት ለታማሚዋ አይነገርም። ልጅ ወይም ወንድም ይቀበልና «ለሷ እንዳትነግሯት» ይላል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዷ ሴት ስም ጎን የሰፈረው የዘመድ ስልክ ነው። ሙዳይ ጠዋት ገጾቹን ስትገነጥል አንዱን ቁጥር አወቀችው። የትም እንዳትጽፈው ታዝዛ በቃሏ የያዘችው የዋርካ ቁጥር ነበር። እውነተኛ ስሙን ያወቀችውም ያኔ ነው።

ዓለምጸሃይ። ውጤት፦ ይመለሳል። ተጠሪ፦ ልጅ፣ ነጋሽ።

ነጋሽ ደጋግሞ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ድናለች ብለውኝ ነበር» አለ። «በግ አርጄ ጎረቤት አብልቻለሁ እኮ።»

«ዋሽተውሃል።»

ገጾቹን አጣጥፎ መለሰላት። ባዶውን እስር ጧፍ ግን አነሳ።

«በጓሮ በር ውጪ። የመኪናው ሰዎች ፈተው እስኪያዩት ሁለት ደቂቃ አለሽ።»

«አንተስ?»

«እናቴ ትታከም።»

ወደ መኪናው ወጣ።

በጓሮ ሾልካ ቸርችልን ቁልቁል ስትሮጥ ሰማችው።

አንድ ተኩስ።

አልዞረችም። እያለቀሰች ሮጠች።

አለቃዋ ተስፋልደት ገጾቹን ታክሲ ውስጥ ተቀበላት። አሥር ሰዓት ላይ ዶክተሩ ተይዞ ነበር፤ ለሠላሳ ሦስት ቤተሰቦችም ተደውሎላቸዋል። ሠላሳ አንደኛው ስልክ አልተነሳም። በሟቹ በነጋሽ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

«ሌላ ዘመድ ይፈለጋል» አለ ተስፋልደት። «አንቺ ግን ሥራሽን ጨርሰሻል። ኤደን የምትባል ሴት ከእንግዲህ የለችም።»

ትእዛዙን ብትሰማም የነጋሽ እናት ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ውቤ በረሃ ሄደች። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች የነጋሽን መርዶ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ እናቱ ስለ ራሳቸው ጤና የሚነግራቸውን አይሰሙም።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ግማሹ በፈረሰ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ከላቦራቶሪ ነው የመጣሁት እማማ። ኤደን እባላለሁ።»

እጃቸውን ይዛ ማንም ለታማሚ የማይነግረውን ነገረቻቸው። ውጤቱ ሐሰት ነበር። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ሕክምናው በዚህ ሳምንት ካልተጀመረ ይረፍዳል።

ወይዘሮዋ ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት።

«እሄዳለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ።»

«ምን ልማልልዎት?»

«ለልጄ እንዳትነግሪው። ነጋሽ ልቡ ስስ ነው፤ ይደነግጥብኛል። ማታ ሲመጣ እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።»

ሙዳይ እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አልነግረውም እማማ። እምላለሁ።»

ያስያዘችላቸውን የሆስፒታል ቀጠሮ ወረቀት እጃቸው ላይ አስጨብጣ ወጣች። ወርዳ የታክሲው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለችው ሴት ዞር ብላም አላየቻት።