ዘመነ ናሬም

በዶራሜን ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ሰባት ቀን ቆመ። በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ገባ። አቤት የዚያን ጊዜው እልቂት! ማለዳ ቀባሪ የነበረው ማታ ተቀባሪ ሆነ። የወጣቱ ናሬም እናት ሲዳሌ በትኩሳቱ ወደቀች፤ ሌላ ቃል ጠፍቷት «ናሬም! ናሬም!» ብቻ ትላለች። አንድ ልጇ ነው፤ እጇን ይዞ ከመቀመጥ በቀር ምን ያድርግ?

በዶራሜን ሕግ እያንዳንዱ ዘመን በአንድ ሰው ስም ይጠራል። መዓት ሲወርድ ዘመኑ ከፍቷል ተብሎ ስሙ ይለወጣል። አዲሱን ስም የሚቀበለው በቱልማር ተራራ አናት የተኛው ዘንዶ ነው። ስሙን የሰጠ ሰው ግን ከሚያውቁት ሁሉ ልብ ይጠፋል።

«ዘመኑን ሳልቀይር ብመለስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ብሎ ናሬም ተነሣ። ሽማግሌው ወታደር ኬልማን ጋሻውን አንግቦ ተከተለው።

«ስሙን የምሰጠው እኔ ነኝ» አለ ኬልማን። «ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ማን ይጎዳል? አንተ እናትህ ዘንድ ትመለሳለህ።»

የበረዶውን ገደል ዘጠኝ ቀን ወጡት። ክንፋም ጅቦች ወረዱባቸው፤ ኬልማን አንድ ዓይኑን እዚያው ገበረ። በመጨረሻም ሽማግሌው ዘንዶው ፊት ተንበርክኮ ስሙን አቀረበ። ዘንዶው አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

«ጠሪ የሌለው ስም ዘመን አይሸከምም» አለ። «አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሰው እየጠራው ያለውን ስም ስጡኝ።»

ኬልማን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ናሬም ወደ ዘንዶው ቀረበ።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም።»

«እሺ። ናሬም» አለ ወጣቱ። ስሙ ከአፉ ሲወጣ ኬልማን ዞር ብሎ አየው።

«አንተ ሰው፣ ማን ነህ?»

ትኩሳቱ በዚያው ቀን ለቀቀ። ዘመኑም ዘመነ ናሬም ተባለ። ሲዳሌ ድና፣ ደጇ ላይ ቆሞ ያገኘችውን ወጣት «ምን ፈልገው ነው? እኔ ልጅ ኖሮኝ አያውቅም» አለችው። እሱም ከቤቷ ፊት ለፊት ጎጆ ቀለሰ። በየማለዳው ሌላዋን ጎረቤቷን «ዛሬ ዘመነ ናሬም ስንተኛው ቀን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ይሰማታል። ደስታው ይህችው ብቻ ነበረች፤ ምስኪን!

በሰባተኛው ወር ንጉሡ ሞቱ። አዲሱ ንጉሥ ዘመኑ በእኔ ስም ይጠራ አሉ። ኮከብ የለ፣ መዓት የለ፣ እንዲያው አማራቸው። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆመ።

«ዘመነ ናሬም ተሽሯል! ከእንግዲህ ያንን ስም የጠራ ይቀጣል!»

ሕዝቡ እልል አለ፤ ሲዳሌም እልል አለች። ከጎኗ የቆመውን ባለጎጆውን ወጣት ስታየው ደነገጠች።

«ምነው፣ በደስታ ቀን ምን ያስለቅስዎታል?»

«ምንም እሜቴ፤ አቧራ ገባብኝ።»

«እስቲ ጎንበስ ይበሉልኝ» ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት። ፊቱን ትንሽ አስተዋለችው።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?» አለችው።