በበዓለ ሃምሳ የፆመች

«አትዙሪ» አላት አንዷለም የማር ጣሳውን እያቀበላት። «ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች አሉ። የአንቺ ናቸው መሰለኝ።»

የእሷ ነበሩ።

የሰቆጣ ገበያ ጢም ብሏል። ከጋዝጊብላ የወረደው ፍየልና ከፃግብጂ የመጣው ገበሬ ማር ተራውን አጣቦታል። ጣሳው ሥር የመኪኖቹ መንገድ ዝርዝር ያለበት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፍላሽ መኖር አለበት። ፍላሹን ስትቀበል ነጠላዋን ከራሷ ታወርዳለች፤ ሰዎቹ አንዷለምን ይዘውት ይሄዳሉ። ዕቅዱን ያወጣው አለቃዋ ካሤ ነው።

የስለላ መሥሪያ ቤቷ «አጋም» ይላታል። ዩኒቨርሲቲው የሚያውቃት ኤደን ብሎ ነው፤ ውሳኔን በሒሳብ የሚቀምረው የኦፕሬሽንስ ሪሰርች የማስተርስ ተማሪ። የተላከችው የክፍል ጓደኛዋን አንዷለምን እንድትሰልል ነበር። የቄስ ልጅ ነው፤ ለመመረቂያው የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ በዕጣ የሚወስን ቀመር ሠርቷል። በዕጣ የወጣ መንገድ ቀድሞ ሊታወቅ አይችልም። ዘራፊዎቹ ግን ሁልጊዜ ቀድመው ይጠብቃሉ። መንገዱን የሚሸጠው ራሱ ነው ተባለ።

ሒሳቡን ለሽፋን ጀምራው ወደደችው። ከዚያ ልጁን ወደደችው። ይህን በሪፖርቷ አላካተተችም፤ ምን ብላ ትጻፈው?

«ፍላሹ የታለ?» አለችው።

«ማር ብቻ ነው፤ ከአባቴ ቀፎ።» ማሩን እንደሚያሳያት ሰው ጎንበስ አለ። «የፃግብጂውን መንገድ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ውሸቴን ነበር፤ መኪናው በሌላ በኩል አለፈ። ዘራፊዎቹ ግን እዚያው አድፍጠው ዋሉ። ለማን ነገርሽ?»

ለአንድ ሰው።

ለካሤ።

ስንቱን መንገድ ከዚህ ልጅ አፍ ሰምታ ለካሤ አቀበለች! ካሤ ሲሸጠው ኖሮ፣ አሁን ጥፋቱን የሚሸከምለት ሰው ሊወስድ መጥቷል። ኤደን አለመሆኗን ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ አንዷለምን ጠየቀችው።

«ዓምና በበዓለ ሃምሳ። ዶሮ ወጥ ባቀርብልሽ ‹ረቡዕ ነው፣ ፆመኛ ነኝ› አልሽኝ።»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይፆም የቄስ ልጅ ያጣዋል? እውነተኛ ስሟ ሰልማ ነው፣ የወልድያ ሙስሊም ባለሱቅ ልጅ፤ ኤደን ሆና ስትኖር ክርስቲያን ያረደውን ላለመብላት ፆምን መሸሸጊያ አድርጋው ነበር። አጽዋማቱን ሁሉ አጥንታ ያችን ሃምሳ ቀን ዘነጋች። እሱ ግን በማግሥቱ ሽሮ ሠርቶ ጠበቃት።

«ሂድ፣ አምልጥ» አለችው። «እኔ አዘገያቸዋለሁ።»

«ብሸሽ ካሤ ይነቃል፤ የነገው እህልም ይዘረፋል። ብያዝ ግን ይዘናጋል። ደብድቦ ያወጣብኝ አስመስዬ መኪናው በጋዝጊብላ መታጠፊያ ያልፋል እለዋለሁ፤ አንቺ እዚያ እንዲጠብቁት ከሱ በላይ ላሉት ንገሪ። ከየምርጫው የሚመጣውን የከፋ ውጤት አስቢና ከነዚያ የሚሻለውን ያዢ። አብረን ነው የተማርነው።»

«አንተስ? የምርጫዎቹ ሠንጠረዥ ላይ የት ነህ?»

«ራሴን አላስገባሁም።»

ካሤ ከገበያው ዳር ካቆመው መኪና ውስጥ ያያታል። ከተጠራጠረ ሁለቱም አለቀላቸው፤ እህሉን የሚጠብቀውም ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ሌላ መውጫ ፈለገች። አጣች።

ነጠላዋን አወረደች።

በማግሥቱ ካሤ ጋዝጊብላ መታጠፊያ ላይ ከነዘራፊዎቹ ተያዘ። እህሉም ደረሰ። አንዷለምን ግን ካሤ የፈለገውን ከሰማ በኋላ በሕይወት አላቆየውም ነበር። አለቆቿ ጎበዝ ብለው አዲስ መታወቂያ ሰጧት። ሥራዋን የጠላችው ያን ቀን ነው።

ለቅሶ ቤት እንዳትሄድ ተነግሯታል። ሄደች። አብሬው የተማርኩ ነኝ ብላ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። ንፍሮ ሲዞር የአንዷለም አባት ቄስ ገብረ ሊባኖስ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«ለፋሲካ እንግዳ አመጣለሁ ብሎኝ ነበር» አሏት። «የኛን ሥጋ አትበላም አለኝ። ጎረቤታችን ነስረዲን እንዲያርድላት ነግሬው በጉን ለይቼ አስሬዋለሁ። ስሟን ብጠይቀው ‹እኔም አላውቀው፤ ስትመጣ ራሷ ትነግርዎታለች› አለኝ። ታውቂያት ይሆን፣ ልጄ?»

ከድንኳኑ ጀርባ በጉ ይጮሃል።

አላውቃትም ማለት ነበረባት። አፏ እምቢ አለ።

«ሰልማ ነው ስሜ፣ አባ።»

ሽማግሌው ራሷን ደባበሱና «እንኳን መጣሽ» አሏት። ነጠላዋን ማውረዷን አያውቁም፤ እሷም ልትነግራቸው አልቻለችም። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለቅሶ ቤት ነውና ማንንም አልገረመም።

ጧት መናኸሪያው ላይ ትኬት ቆራጩ ስሟን ጠየቃት። አዲሱ መታወቂያ ላይ ያለውን ነገረችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የማሩ ጣሳ ጭኗ ላይ ነበር፤ ገና አልከፈተችውም።