ሰማያዊ ጠመኔ

«ኧረ ፍጠኚ! ቤተ መጻሕፍቱ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ» አለች ጓደኛዋ ሬዲዮ፣ የቤቱን በር ተደግፋ።

ልጅቷ የምትመልሰውን መጽሐፍ ገጾች በጨርቅ እየጠረገች ነበር። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሰማያዊ አቧራ ገብቶበታል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደግሞ ቆሻሻ መጽሐፍ የመለሰን ተማሪ በቀላሉ አትለቅም።

«ለፊዚክስ እንዲህ ስትጨነቂ ዛሬ ገና አየሁ።»

ጓደኛዋ «ሬዲዮ» የተባለችው አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው። የካኪ ሽፋኑ ላይ «ፊዚክስ» ተብሎ ስለተጻፈም አምናለች። ከሽፋኑ ሥር ያለው ግን አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ከድባቴ ጋር ስለኖረችባቸው ዓመታት የጻፈችው፣ ብዙ የተሸለመ መጽሐፍ ነው። ኃላፊዋ ለምን እንደፈለገችው ሳትጠይቅ ነበር ያዋሰቻት። የሸፈነችው ራሷ ልጅቷ ናት። ለሬዲዮ የነገረቻት እናቷን ጨጓራ እንዳመማት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ጨጓራ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ፣ ያልተጨረሱ ቀሚሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ከርመዋል። ሕክምና ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተነስታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። አትናገርም እንጂ።

ሦስት ቦታ ጠርጋ አራተኛው ላይ ስትደርስ የልጅቷ እጅ ቆመ። አቧራ አልነበረም። በገጹ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለች ቀጭን ሰማያዊ መስመር ተሰምራለች፤ ጫፍና ጫፏ ላይ ደግሞ መቀስ የሚጀምርበትና የሚያበቃበትን ቦታ እንደሚያመለክት አጭር ጭረት አለ። እናቷ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንዲህ ነው የምታሰምረው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል መጽሐፉ የሚውለው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ከመስመሩ አጠገብ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ በር ላይ ቆማ ‹ደህና ነሽ?› ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አፌን መክፈት ግን ድንጋይ የማንሳት ያህል ከበደኝ። የተቆጣኋት መሰላት። አንድ ቀን መጠየቋን ተወች። እኔ ግን ኮቴዋን መጠበቄን አልተውኩም።»

ልጅቷ እናቷን መጠየቅ ከተወች ሦስት ሳምንቷ ነው።

ወደ ኋላ ገለጠች። በጠረገቻቸው ሦስት ቦታዎች የቀረው የደበዘዘ ሰማያዊ ብቻ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሬዲዮ።

«ፊዚክስ አይደለም። እማዬንም ጨጓራ አይደለም ያመማት።»

«የጨጓራውንማ አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አክስቴን ሦስት ዓመት ጨጓራ አሟታል። ሰፈር ስትዞር ነው የምትውለው። የእናትሽ ዝምታ የጨጓራ አይመስልም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«እኔ?» ሬዲዮ የበሩን እጀታ ማሻሸት ጀመረች። «ለማንም።»

ልጅቷ አየቻት። ወሬ ይዛ አንድ ደቂቃ መቆየት የማትችለው ሬዲዮ! ብዙ ነገር ልትላት ፈለገች። በመጨረሻ «ተባረኪ» ብቻ አለች።

«በቃ በቃ፣ አሁን ታስለቅሺኛለሽ። መጽሐፉን ልውሰደው?»

«አይ። ኃላፊዋን ተጨማሪ ሳምንት ትስጠኝ በያት። ጠመኔ እንደነካውም ንገሪያት፣ ነገ ራሴ አስረዳታለሁ።»

ሬዲዮ እየሮጠች ሄደች። ልጅቷ የካኪ ወረቀቱን ገፍፋ ጣለችና የእናቷን ክፍል በር አንኳኳች።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

እናቷ ከመስኮቱ ዞር አለች። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«ሳላውቅ ሦስቱን ቦታ ጠርጌብሻለሁ። የት የት እንደነበሩ ታሳይኛለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ በሩን ዘግታ ትሄድ ነበር። አሁን ግን የስፌት መኪናውን ወንበር ስባ እናቷ ጎን ተቀመጠች፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ከፍታ መጠበቅ ጀመረች።