ያላለቀው ጨዋታ

በየነች ካርቶኑን ዴስኩ ላይ ስትዘረጋው፣ አፍናን መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሰፈር ስም ነበር። በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሳለው መንገድ ከሸኮ ተነሥቶ፣ በቡና ማሳዎችና በድልድዮች መካከል እየተጠማዘዘ ሚዛን ገበያ ይገባል። ከገበያው ጎን በትንሽ ፊደል «አማን» ተጽፏል። የእነአፍናን ሱቅ ያለው እዚያ ነው።

«ገና አላለቀም» አለች በየነች ሳትጠየቅ። «የሙከራ ነው።»

በየነች ከሸኮ መጥታ አክስቷ ቤት እየኖረች የምትማር ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ካልጠየቋት አትናገርም። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ጨዋታ ስትሠራ ከርማ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለችም ነበር። አሁን ግን ሕጉን ስታስረዳ አንደበቷ ተፈታ። ተጫዋቾቹ አሥር አሥር ጆንያ ቡና ይዘው ከሸኮ ይነሣሉ፤ የመኪናና የድልድይ፣ የዝናብና የፀሐይ ካርዶች እየሳቡ ይጓዛሉ፤ ቀድሞ ገበያ የደረሰ ያሸንፋል። በእጇ አምስት ቅጂ ሠርታለች፤ የአንዱ ዋጋ ሁለት መቶ ብር ነው። የገዛ ሰው ተጫውቶ ያልጣመውን ይነግራታል፤ እሷም አስተካክላ ማተሚያ ቤት ትሰጠዋለች።

«የታተመው ሲመጣ በነጻ ትቀይሪልናለሽ?» አለች ሁስና፣ የአፍናን ጓደኛ።

በየነች ካርዶቹን እያስተካከለች መለሰች። «አልቀይርም። ማሳተሚያውን የማገኘው ከዚሁ ነው።»

ሁስና አፍናንን ወደ በሩ ሳበቻት። «ፋራ አትሁኚ። ሲያልቅ አሪፉን ትገዣለሽ። ያላለቀ ነገር ማን ይገዛል?»

አፍናን ያላት ብር ለዒድ አክስቷ የሰጠቻት ሁለት መቶ ብቻ ነው። ይህን ከገዛችበት የታተመውን መግዛት አትችልም። ዓይኗ ግን ከካርቶኑ አልነቀል አለ። በየነች ይህን አይታ፣ «ቅዳሜና እሁድ ወስደሽ ሞክሪው» አለቻት። «ካልወደድሽው ሰኞ ትመልሺልኛለሽ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ መንገዱን ጭር አደረገው። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ስላልነበረ፣ አፍናን ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ከታናሽ ወንድሟ ከሀምዱ ጋር መጫወት ጀመረች። ሀምዱ የጭነት መኪና ካርድ ሳበና አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር መኪናው ለአፍናን ደረሳት፤ እሷ አሸነፈች። በሦስተኛው ለሀምዱ ወጣለት፤ አሁንም መኪና የያዘው አሸነፈ።

«ይሄማ ይደብራል» አለ ሀምዱ። «መኪናው ከወጣ በኋላ ሌላው ለምን ይጫወታል?»

አባታቸው አቶ አባፎጊ ከሂሳብ መዝገባቸው ቀና አሉ። «የዝናብ ካርድ የለውም እንዴ?»

«አለው አባ። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም እኩል አንድ ተራ ያልፈዋል።»

«እኩል?» አባቷ ሣቁ። «የሸኮን መንገድ በክረምት አላየሽውም ማለት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር በበቅሎ ቡና ስናመላልስ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ሰላም እያልነው ነበር የምናልፈው።»

አፍናን ካርዶቹን ገለባበጠች። የበቅሎ ካርድ አለ፤ ግን ዝግተኛ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም። ድንገት ብድግ አለች። «ቆይ! ዝናብ ሲመጣ መኪናው ሦስት ተራ ይቁም። በቅሎው ግን ምንም አይሁን፤ ይቀጥል።»

እንደዚያ አድርገው ሞከሩት። አባቷም መዝገባቸውን ዘግተው ወንበራቸውን አስጠጉ። በቅሎው ለእሳቸው ደርሶ ስለነበር፣ የሀምዱ መኪና ድልድዩ አጠገብ ቆሞ ሲቀር በዝግታ አለፉት። ከዚያ የፀሐይ ካርድ ወጣና መኪናው ሊደርስባቸው ጥቂት ቀረው። ማን እንደሚያሸንፍ እስከ መጨረሻው ካርድ አልታወቀም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰውዬ እንኳ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ብልኃቱ ያንቺ ነው» አሏት አባቷ ቀስ ብለው። አፍናንን እስከ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

ሀምዱ ሱቁ ጥግ የተከመሩትን ባዶ ካርቶኖች አየ። «ለምን ፎቶ አንስተን ራሳችን አንሠራውም? ብርሽ ይተርፋል።»

አፍናን ወደ ጨዋታው ጎንበስ አለች። ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አዙራ ስታየው፣ አንዱ ድልድይ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ተሥሏል። የላጲሱ ዱካ አሁንም ይታያል። ጨዋታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ያገኘችውን ጉድለትና አዲሱን ሕግ በወረቀት ጽፋ ለበየነች ሰጠቻት። በየነች አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ፊቷ ምንም ስላልነገራት አፍናን አስቀይሜያት ይሆን ብላ ሰጋች።

«ሦስት ተራ» አለች በየነች በመጨረሻ። «ትክክል ነው። እናቴም በቅሎ አላት፤ እንዴት ረሳሁት?» ከዚያ ጨዋታውን ወደ አፍናን ገፋችው። «ውሰጂው። ካንቺ ብር አልቀበልም።»

«በነጻ!» አለች ሁስና አፍናንን በክርኗ እየጎሸመች። «ተቀበይ እንጂ።»

አፍናን ጨዋታውን አየችው። የተጣመመ ጠርዙን፣ አረንጓዴውን መንገድ፣ ቅዳሜ ዕለት አባቷ ደጋግመው የነኩትን የበቅሎ ካርድ አየች። የታተመው ያለ ጥርጥር ከዚህ ያምራል። ሱቃቸው ውስጥም ተደርድሮ ታየው ይሆናል።

እጇን ኪሷ ከታ የዒዱን ብር አወጣች።

«ዋጋው ሁለት መቶ ነው ብለሻል» አለች፤ ብሩንም በበየነች ደብተር ላይ አስቀመጠችው። «የድልድዩንም ካርድ ገና በደንብ አልሞከርነውም። በዕረፍት ሰዓት እንቀመጥበት?»

በየነች ብሩን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና፣ አፍናን ከአጠገቧ እንድትቀመጥ ዴስኩ ላይ ጠጋ አለችላት።