የቱታ ሱሪና የካርጎ ጫማ

ሀጀር ሁለተኛውን ጫማ አጥልቃ ገመዱን ልታስር ጎንበስ ስትል የእናቷ አልጋ ሲጥ አለ። እንዳጎነበሰች ቀረች። ዘኪያ ከሌሊት ሥራ ገብታ ከተኛች ብዙም አልቆየችም፤ በእንቅልፍ ልቧ ወደ ግድግዳው ዞረችና ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበችው። ሀጀር ትንፋሿን ለቀቀች።

መስታወቱ የቁምሳጥኑ በር ላይ ነው። እግርን ለማየት ወደ ኋላ ራቅ ማለት ያስፈልጋል፤ አያት ሰፈር ያለ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ መራቂያ የለም። የቤቱን በር ቀስ ብላ ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ራሷን አየች። ግራጫ ቱታ ሱሪ፣ ጫፉ ጫማው ውስጥ የገባ። ጥቁር ጫማ፣ አፍንጫው ድቡልቡል፣ ሶሉ ወፍራም። ከላይ ጥቁር ሹራብና ጥቁር ሻሽ። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። ምንም እንከን አላገኘችበትም።

ሐሳቡ የሳምራዊት ነው። ሳምራዊት የክፍሏ ልጅ፣ የአያት ሰፈር ልጅ፣ የአለባበስ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል የምትናገር ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ሳምንት የላከችላት ቪዲዮ ላይ አንዲት የውጭ አገር ልጅ ቱታ ሱሪዋን ወፍራም ቡት ውስጥ ከታ፣ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ መንገድ ታቋርጣለች። «ይሄ ስታይል አንቺ ላይ ይታየኛል። ቡት ብቻ ፈልጊ» ብላ ጽፋላታለች። ሀጀር ቪዲዮውን ደጋግማ ስታየው አንድ ነገር ከነከናት። ይህን አለባበስ የሆነ ቦታ አይታዋለች። የት እንዳየችው የገባት በማግስቱ ጠዋት፣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ስታወልቅ ነው።

ዘኪያ የምትሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ አበባ አውሮፕላን ላይ እስኪጫን የሚቆይበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ካርቶኖቹን ከሚያስተካክሉት አንዷ እሷ ናት። «ፍሪጅ ውስጥ ገብተሽ በሩን ዝጊው። የኔ ቢሮ እሱ ነው» ትላለች ሰው ሲጠይቃት። ስለዚህ ሁለት ቱታ ደርባ፣ እስከ ቅልጥሟ የሚደርስ የሱፍ ካልሲ አድርጋ፣ ሱሪዋን ጫማው ውስጥ ከታ ነው የምትሠራው። ጫማው ሴፍቲ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ካርቶን ቢወድቅ ጣት እንዳይሰብር አፍንጫው ውስጥ ብረት አለው። እሱን ያላደረገ ሠራተኛ በሩን አያልፍም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ዘኪያ ልብስ ሳትቀይር በዚያው ቱታና በዚያው ጫማ ከሰርቪስ ወረደችና ሀጀርና ሳምራዊት ታክሲ ወደሚጠብቁበት ሰልፍ መጣች። ሀጀር ከሩቅ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ጓደኞቿ የሚያውቁት እናቷ «ኤርፖርት» እንደምትሠራ ብቻ ነው፤ ቢሮ ውስጥ መስሏቸው ከሆነ ደግሞ ሀጀር ምን ታድርግ? ማታ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ከሆንኩ ባታናግሪኝስ? እንዲህ ለብሰሽ ማለቴ ነው» አለቻት። ዘኪያ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ለአፍታ ቆመ። «እሺ» አለችና መክተፏን ቀጠለች። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

ዘኪያ ቃሏን ጠበቀች። እናት ናትና መላ ግን አላጣችም። ልጇን ለይታ ሰላም እንዳትል ብትከለከል፣ ሰልፉን በሙሉ ሰላም እንዳትል የከለከላት የለም። ጠዋት ጠዋት በሰልፉ አጠገብ ስታልፍ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ» ትላለች፤ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው። ሰልፈኛውም ይህችን ጨዋ ሴትዮ ለምዷታል፤ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሌላው «ወአለይኩም ሰላም» እያለ ይመልስላታል። ሀጀር ስልኳን ታያለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት ስለሆነ ዩኒፎርም አይጠየቅም። ዘኪያ ወደ ሥራ የምትሄደው ማታ ነው፤ ሀጀር ከዚያ በፊት ጫማውን ቦታው ትመልሰዋለች። ጫማው የሚቀመጥበት ሰማያዊ ከረጢት ባዶውን ተልፈስፍሶ እንዳያሳብቅባት የራሷን ነጭ ስኒከር ከተተችበትና ቋጥራ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችው። ጫማው ትንሽ ስለሰፋት የእናቷን የሱፍ ካልሲም አደረገች።

ገርጂ ትምህርት ቤት ስትደርስ ሳምራዊት እንደ ልብስ ሰፊ በዙሪያዋ ዞረች። «ቆይ፣ ተራመጂ እስቲ። ነግሬሽ አልነበር?»

«አቦ ይሄ ጫማ ቀውጢ ነው» አለ ኢዩ። ኢዩ የክፍላቸው ልጅ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ስለሚችል ከሁሉም ጋር ይሄዳል። «ከየት አገኘሽው?»

«አክስቴ ከዱባይ ልካልኝ ነው።»

ዱባይ አክስት የላትም። ያሏት አክስቶች በሙሉ ኮምቦልቻ ናቸው። ውሸቱ ግን እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷንም ገረማት።

«በናትሽ ለኔም ንገሪልኝ» አለች ሳምራዊት። «ሠላሳ ስምንት ነኝ።»

የሀጀር ልብ ቅቤ ጠጣ። ሦስቱም ክፍለ ጊዜ ላይ እግሯን ከዴስኩ ስር ወደ መተላለፊያው አውጥታ ተቀመጠች።

ከትምህርት በኋላ ፎቶ ለመነሳት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ አንድ ሞል ሄዱ። በሩ ላይ ያለችው ፈታሽ መሣሪያዋን ከሀጀር ትከሻ ወደ ታች ስታወርደው እግሯ ጋ ሲደርስ ጮኸ። ሌላኛው እግሯ ላይም ጮኸ። ፈታሿ ጎንበስ ብላ የጫማውን አፍንጫ በጣቷ አንኳኳችው።

«ሴፍቲ ነው እንዴ? አንቺ ደግሞ የት ሳይት ነው የምትሠሪው?»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ሀጀር ፊቷ ጋለ። «ፋሽን ነው» አለች።

«የዱባይ ነው፣ ኦሪጅናል» ብሎ ኢዩ ደገፋት።

«እሺ የዱባይ፣ ግቢ» አለች ፈታሿ። ሳምራዊት ጫማውን ትንሽ አየት አደረገችው።

ገና ደረጃው ላይ ሳሉ የሀጀር ስልክ ጠራ። እናቷ ናት። ራቅ ብላ አነሳችው።

«ሀጀርዬ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያንቺ ስኒከር ነው ያለው።» ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የጨነቀው ሰው ድምፅ ነው። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ስለደረሰ አበባው በዝቶ ሰርቪሱ ሳይታሰብ ቀድሞ መጥቷል። ጥሩንባውን ሲነፋባት ዘኪያ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ከረጢቱን አንጠልጥላ ሮጣለች። አሁን የካርጎው በር ላይ ቆማለች። «አለቃው ትንሽ ልጠብቅሽ ብሎኛል። ከዚያ በቦታዬ ሌላ ሰው ያስገባል። ያቺ ማስጠንቀቂያም አለችብኝ፤ ታውቂያታለሽ።»

ሀጀር ታውቃታለች። ባለፈው ወር ትኩሳት ይዟት እናቷ ጤና ጣቢያ ስታመላልሳት አርፍዳ የተሰጠቻት ማስጠንቀቂያ ናት። ሁለተኛ ከመጣች ከሥራ ታሰናብታለች።

«ጫማው እኔ ጋ ነው። መድኃኔዓለም ነኝ። አሁን አመጣዋለሁ።»

«እሺ» አለች ዘኪያ። «መንገድ ስታቋርጪ ተጠንቀቂ።»

ለጓደኞቿ «ካርጎ በር ለአንድ ሰው ዕቃ ማድረስ አለብኝ። እናንተ ቆዩ» አለቻቸው። ኢዩ ግን ቀድሟት ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሳምራዊትም «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብላ ክንዷን ያዘች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ማግኘት ደስ ይላል። ሚኒባሱ ውስጥ ሀጀር አንዴ መንገዱ ቶሎ እንዲያልቅ፣ አንዴ ጨርሶ እንዳያልቅ ተመኘች። ለእናቷ ካልደረሰች ሥራው ይሄዳል፣ ከደረሰች ደግሞ ዱባይና አክስቷ፣ ኤርፖርቱና ቢሮው ይጋለጣሉ።

ዘኪያ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ግራጫ ቱታ፣ ሹራብ፣ ሻሽ፣ ነጠላ ጫማ። ሀጀርን ስታይ ፊቷ ፈካ። ከኋላዋ ያሉትን ሁለት ልጆች ስታይ ፈገግታዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«ዕቃ የምታደርሱልኝ እናንተ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሀጀር ዞረች። «አላህ ይስጥልኝ እህቴ። አደከምኩሽ።»

ሀጀር ገባት። እናቷ የኅዳሩን «እሺ» አሁንም እየጠበቀችው ነው። ጫማዋ ተወስዶባት፣ እንጀራዋ በቋፍ ላይ ሆኖ፣ እዚህ በር ላይ እንኳ ልጇን እንዳታሳፍር ባዳ ሆና ቆማለች።

ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች። ጫማውን አውልቃ ሰጠቻትና ስኒከሯን ከከረጢቱ አወጣች።

ኢዩ ግራ ተጋባ። «እንዴ፣ ጫማው የእርስዎ ነው?»

«የለም፣ የእሷ ነው» አለች ዘኪያ ፈጥና። «ለዛሬ ብታውሰኝ ብዬ ለምኛት ነው። ደግ ልጅ ናት።»

አለቀ። ሀጀር ማድረግ የነበረባት «ምንም አይደል» ማለት ብቻ ነበር። ውሸቷ በእናቷ እጅ ተሸፍኖ፣ ተስተካክሎ ተቀምጦላታል። ዘኪያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተች። ተረከዟ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ያኔ ነው ሀጀር የራሷን እግር ያየችው። ወፍራሙ የሱፍ ካልሲ እሷ እግር ላይ ነው። ዘኪያም አይታዋለች፤ አይታ ዓይኗን ወደ ገመዱ መለሰች። ጫማ የተዋሰ ሰው ያዋሰችውን ልጅ ካልሲሽንም አውልቂልኝ አይልም። ሳትጠይቅ ልትገባ ነው፤ ያን ፍሪጅ የሚያህል ብርድ በባዶ እግሯ ቆማ ልታነጋው ነው።



«እማዬ» አለች። «ካልሲሽ እኔ ጋ ነው።»

ዘኪያ ቀና አላለችም። ገመዱን የያዙት ጣቶቿ ግን ቆሙ። ሀጀር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አወለቀች፤ ገና ሙቀታቸው አልወጣም። እናቷ እጅ ውስጥ አስቀመጠቻቸውና ወደ ጓደኞቿ ዞረች።

«ዱባይ አክስት የለኝም። እናቴ ናት። ጫማው የእሷ ነው፤ ሳልጠይቃት ነው የወሰድኩት።»

ኢዩ ሊስቅ አፉን ከፈተና ሳይስቅ ዘጋው። ሳምራዊት ሀጀርን ሳይሆን ዘኪያን ነበር የምታየው።

«ሰልፉን ሁሉ ሰላም የሚሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ጠዋት ጠዋት፣ አያት።»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ እመልስልዎታለሁ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ዘኪያ። «ድምፅሽን ለይቼዋለሁ።»

ሀጀር አንገቷን ደፋች። እሷ አንድም ቀን መልሳ አታውቅም። ሰልፉ ሁሉ ሲመልሰው የነበረው ሰላምታ ለሀጀር የተላከ መሆኑን ሳምራዊት አሁን እንደገባት ከአስተያየቷ ታወቀ። ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር።

ዘኪያ ጫማውን አውልቃ ካልሲዎቹን እስከ ቅልጥሟ ሳበቻቸው፣ ጫማውን መልሳ አጠለቀች፣ የቱታዋን ጫፍ ጫማው ውስጥ ከተተች። ኢዩ ራሱን እያከከ እግሯን አየ።

«ለካ ስታይሉ የእርስዎ ነው።»

«የምን ስታይል?» አለች ዘኪያ። «ብርድ ነው እንጂ።»

ሳምራዊት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ዘኪያም ጭምር። ከውስጥ አንድ ሰው «ዘኪያ» ብሎ ተጣራ። ተነሳች፤ ነጠላ ጫማዋን ከረጢቱ ውስጥ ከታ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞረችና ለሀጀር ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የጫማውን ጉዳይ ቤት እንነጋገርበታለን» አለቻት።

«እሺ።» ሀጀር ባዶ እግሯን ስኒከሩ ውስጥ ከታ ቆመች። «እማዬ፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ጋ ስትደርሺ ዝም ብለሽ እንዳታልፊ። ጠብቂኝ። ከሰልፉ ወጥቼ እስምሻለሁ።»

ዘኪያ የልጇን ፊት ቆም ብላ አየች። «ልብሴን ሳልቀይር?»

«ሳትቀይሪ» አለች ሀጀር። «ጫማሽንም።»