«ፋሲካ» አልሰረዝ አለ

ማያው ላይ ያው የእንግሊዝኛ መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ፤ አይፈቀድም።

ሰገነት ዞር ብላ በሩን አየች። የምሳ ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። አቧራ እንዳይገባ ሁሉም ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው፤ አሁን ከደጃፉ ያለው የእሷ ጫማ ብቻ ነው። የመሰረዣውን ትእዛዝ፣ ቀጥሎም የፋይሉን ስም እንደገና ጻፈች፤ «ፋሲካ»።

አይፈቀድም።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለችው በሹክሹክታ።

ፋይሉ የጓደኛዋ የአደይ ነው። በ1982 ክረምት ባሕር ዳር ያለ አንድ ኮሌጅ ለሠራተኞቹ ልጆች የኮምፒውተር ትምህርት ሲከፍት፣ የሰገነት አባት ንብረት ክፍል ስለሚሠሩ እሷ ወዲያው ተመዘገበች። አደይ ግን የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ኮሌጁ ውስጥ ዘመድ የላትም። «ያለ እሷ አልማርም» ብላ አባቷን ለምና ያስገባቻት ሰገነት ናት።

ሰገነት አራት ቀን ደክማ ታንኳ የሚሥል ፕሮግራም ጻፈች። አደይ ደግሞ ከአባቷ የተማረችውን ባሕረ ሐሳብ ለማሽኑ አስተማረችው፤ ዓመተ ምሕረቱን ሲሰጡት ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ይናገራል። መምህር አምባቸው ታንኳዋን አይተው «ጥሩ ነው» አሉ። የአደይን ሲያዩ ግን መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሌሎች መምህራንም ጠርተው አሳዩ።

«ሰኞ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። አንቺ ነሽ የምታሳዪያቸው» አሏት።

ሰገነትም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች። ሆዷ ውስጥ ግን ፍም የተቀመጠ መሰላት። በማግሥቱ አባቷ «ያቺ ጓደኛሽ ጉድ ናት አሉ» ሲሉ፣ እራቷን ትታ ተነሣች። እኔ ባላስገባት ኖሮ የት ታውቀው ነበር?

የሁለቱም ሥራ ያለበትን ዲስኬት ከማሽኑ አውጥታ አገላበጠችው። ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ በፕላስተር ከተሸፈነች ምንም ነገር አይሰረዝም፤ ቀዳዳዋ ግን ክፍት ናት። ዲስኬቱን መልሳ ማሽኑን አጥፍታ አበራች። ለውጥ የለም። የራሷን አንድ አሮጌ ፋይል ሞከረች፤ ወዲያው ጠፋ። እንግዲያው ችግሩ ከዚህ ከአንዱ ፋይል ነው።

«አንቺ፣ ምሳ የለም እንዴ?»

አደይ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰገነት ማያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በፍጥነት አጠፋች።

«አንድ አሮጌ ፋይል አልሰረዝ ብሎኝ ነው።»

«አይፈቀድም ይልሻል?»

«አዎ።»

«ተቆልፎ ነው ባክሽ! ቀላል ናት።» አደይ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ወረቀት ስባ ሁለት መስመር ጻፈችላት። «ይቺ ትከፍታለች፤ ይቺ ትቆልፋለች። ትናንት መመሪያውን ሳገላብጥ አገኘሁት። የእኔን ቆለፍሁ፤ ያንቺንም ታንኳ ቆለፍሁልሽ፤ ልጆቹ ሲነካኩ እንዳያጠፉብሽ። ልነግርሽ ብዬ ረሳሁት!»

ሰገነት ወረቀቱን ተቀበለቻት።

«በይ፣ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ጃንጥላቸውን ላድርስ። ሐይቁ ላይ ጠቁሯል» ብላ አደይ ወጣች።

ሰገነት ብቻዋን ቀረች። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፤ «ፋሲካ» ተከፈተ። የመሰረዣውን ትእዛዝና ስሙን አስከተለች። የቀረው ትእዛዙን የሚያስፈጽመውን ቁልፍ፣ ኢንተርን፣ መጫን ብቻ ነው። ሰኞ ታንኳዋ ብቻዋን ትቀርባለች።

እውነት ቆልፋልኛለች? ወይስ ለወሬ ያህል ነው?

ከጻፈችው ስሙን ብቻ አጥፍታ፣ በቦታው የራሷን ፋይል ስም ጻፈች፤ «ታንኳ»። ዐይኗን ጨፍና ኢንተርን ተጫነች።

አይፈቀድም።

ፍሙ አልጠፋም፤ ሰኞ ለአደይ ሲያጨበጭቡላት እንደገና እንደሚያቃጥላት ታውቃለች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ሁለተኛውን መስመር ከነስሙ ጻፈች። «ፋሲካ» ተቆለፈ።

ማሽኑን አጠፋች፤ ጫማዋን አጥልቃ ሮጠች። አደይ በሐይቁ ዳር መንገድ ርቃ ሄዳለች።

«አደይ! ቆዪኝ!»

አደይ ዞረች። «ምነው? አሁንም እምቢ አለሽ?»

ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ሰገነት እየሮጠች ደረሰችባት።

«ልሰርዘው የነበረው ፋይል» አለች፣ «የእኔ አልነበረም።»